የውጫሌ ውል የተረሳው አንቀጽ

ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ ሐይቅን አልፎ በአምባሰል የሚገኝ ከተማ ነው። ዳግማዊ ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. 20 አንቀጽ ያለውን ውል የተፈራረሙት በዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ሥፍራ ነው። ውጫሌ በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚያነሣው 17ኛውን አንቀጽ ነው። የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጂዎች ያልተስማሙበት፣ ለጦርነትም ሰበብ የሆነው እሱ ነውና። ነገር ግን 17ኛው አንቀጽ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ዓድዋ ላይ ተቀበረ። በአንድ ሕዝብ መካከል ድንበር የጀመረው፣ መዘዙም እስከ ዛሬ ያልተቋጨው 3ኛው አንቀጽ ነው።

3ኛው አንቀጽ የጣሊያንን ይዞታ ወሰን ይዘረዝራል። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከአራፋሌ ይነሣና ሐላይን፣ ሰገነይትንና አሥመራን ለጣሊያን ይሰጣል፤ በቦጎስ በኩል ዓዲ ንፋስንና ዓዲ ዮሐንስን ይጨምራል። ከዓዲ ዮሐንስ ወዲያ ያለውን ወሰን ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በተሰመረ ቀጥታ መስመር ይዘጋዋል። ቀጣዩ አንቀጽ የደብረ ቢዘን ገዳም ከነንብረቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ይዞታ ሆኖ እንዲቆይ ያዛል። የማን ማሳ፣ የማን ርስት፣ የማን አጥቢያ በየትኛው ወገን እንደሚቀር የተጠየቀ የአገሬው ሰው አልነበረም።

ጣሊያን እዚያ ድረስ የዘለቀው በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም። ጁሴፔ ሳፔቶ በ1862 ዓ.ም. ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ከዓሰብ ዳርቻ መሬት ገዛ፤ ከ12 ዓመት ያህል በኋላ የጣሊያን መንግሥት መሬቱን ተረከበ። ምፅዋ ግን በግብፅ እጅ ነበረች። ግብፅን የያዘችው እንግሊዝ ሱዳን ውስጥ መሐዲስቶች ሲነሡባት ግብፃውያኑን ከየምሽጉ የምታስወጣበት መንገድ ፈለገች። ስለዚህ ግንቦት 1876 ዓ.ም. አድሚራል ሂዊት ዓድዋ ድረስ መጥቶ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ተዋዋለ። ንጉሠ ነገሥቱ የተከበቡትን ወታደሮች በአገራቸው በኩል ሊያሳልፉ፣ በምላሹ ቦጎስ ሊመለስላቸው፣ ምፅዋም ለኢትዮጵያ ዕቃና ለጦር መሣሪያ ክፍት ልትሆን ተስማሙ። ዓመት ሳይሞላ፣ ጥር 1877 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ ይሁንታ የጣሊያን ጦር ምፅዋ ላይ ወረደ። እንግሊዝ ምፅዋን ራሷ ለመያዝ ወጪውን አልፈለገችውም፤ ኦቦክ ላይ የተተከለችው ፈረንሳይ እንድትወስዳትም አልወደደችም። ለእንግሊዝ ደካማው ተቀናቃኝ ጣሊያን ነበረ፤ በሩም ለእሱ ተከፈተ።

ወደ ደጋው የወጣው ግን በሌላ በር ነው። አንቶኔሊ ለዓመታት ሸዋ ተቀምጦ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተወዳጅቷል። በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ምኒልክ በጣሊያንና በአፄ ዮሐንስ ጠብ ውስጥ ላለመግባት ተስማሙ፤ በምትኩ 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ተሰፈረላቸው። አፄ ዮሐንስ በዚያው ዓመት ሰዓጢ ድረስ ወርደው የጣሊያንን ምሽግ ቢከቡም ሳይወጉት ተመለሱ። መሐዲስቶች ጎንደርን አቃጥለዋል፤ የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖትም ልባቸው ሸፍቷል። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ወደቁ። ክፉ ቀን በተባለው ረኃብና በከብት እልቂት የተመታው ሰሜን የሚጠብቀው አጣ። የውጫሌው ውል የተፈረመው መተማ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው ነው።

ጣሊያን ፊርማው ሳይደርቅ ከረንንና አሥመራን ያዘ። መስከረም 1882 ዓ.ም. የምኒልክ መልእክተኛ ደጃዝማች መኮንን ጣሊያን አገር ሳሉ የፈረሙት ተጨማሪ ውል ወሰኑ በጊዜው በእጅ ባለው ይዞታ መሠረት ይስተካከላል አለ። በእጅ ያለው ይዞታ ደግሞ ዕለት ዕለት ወደ ደቡብ ይገፋ ነበር። ታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. የጣሊያኑ ንጉሥ ኡምቤርቶ ኤርትራ የተባለች ቅኝ ግዛት መመሥረቷን አወጁ። በ1883 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ በምሥራቅ አፍሪካ የየራሳቸውን የተፅዕኖ ክልል በሁለት ስምምነት ተከፋፈሉ።

የሮም መንግሥት የመከፋፈሉን ሥራ ሁለት ስም ሰጥቶ ያካሂደው ነበር። አንዱ የሸዋ ፖለቲካ ነው፤ ምኒልክን በወዳጅነት አስሮ ትግራይን ማዳከም። ሁለተኛው የትግራይ ፖለቲካ ነው፤ የዮሐንስን ልጅ ራስ መንገሻን አቅርቦ ምኒልክን ማስጨነቅ። የውጫሌው ወዳጅነት ሲሻክር ጣሊያኖች ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ተሻገሩና በ1884 ዓ.ም. መረብ ዳር ከመንገሻ ጋር ተማማሉ። መንገሻ የሚጠብቁትን ሳያገኙ ቀርተው በ1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው ለምኒልክ አደሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻና በቀጣዩ መጀመሪያ ጊዜው ተለወጠ፤ ጣሊያንን ተቀብለው የነበሩት የአከለ ጉዛይ ሹም ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ የሕዝቡ መሬት ለሰፋሪ ሲነጠቅ አይተው በ1887 ዓ.ም. ሸፈቱ፤ በውሉ ስሟ በተጠራችው በሐላይም ተገደሉ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከሁለቱም ወገን አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ተሰለፉ። ጣሊያን ካሰለፈው ጦር ከፊሉ ከመረብ ማዶ የተመለመለ አስካሪ ነበር። ከተማረኩት አስካሪዎች ብዙዎቹ ከሃዲ ተብለው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ነጩ ምርኮኛ በውል ወደ አገሩ ሲመለስ ጥቁሩ ምርኮኛ ቁስሉን ይዞ ወደ መንደሩ ገባ። ድሉ ታላቅ ነበረ፤ ነገር ግን ስንቅ ያለቀበትና የደከመው ሠራዊት መረብን ሳይሻገር ተመለሰ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሲሽር መረብን፣ በለሳንና ሙናን ጊዜያዊ ወሰን አደረገ። 17ኛው አንቀጽ ሞተ፤ 3ኛው የጀመረው ድንበር ግን ወደ ደቡብ ወርዶ ኖረ። በ1892፣ በ1894 እና በ1900 ዓ.ም. የተፈረሙ ሦስት ውሎች አጸኑት።

ተቀናቃኞቹም አልዘገዩም። በዚያው 1889 ዓ.ም. ፈረንሳይና እንግሊዝ ከምኒልክ ጋር እየተዋዋሉ የጅቡቲንና የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ወሰን አስያዙ። አፋር ለሦስት፣ ሶማሌ ከዚያ ለሚበልጥ ባንዲራ ተከፋፈለ። ከባቲ ገበያ አልፎ እስከ ባሕሩ በሚዘልቀው የአፋር ምድር የአንዱ ጎሣ ግመል የሌላውን መንግሥት ኬላ እያለፈ ውኃ የሚጠጣበት ዘመን መጣ። ታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱ መንግሥታት ለንደን ላይ ተሰብስበው የቀረችውን ኢትዮጵያንም በጥቅም ክልል ተደላደሏት።

ቅኝ ገዥው ራሱ ድንበሩን ሲፈልግ አሰመረ፣ ሲፈልግ አጠፋ። በ1928 ዓ.ም. ወረራ ማግሥት ጣሊያን ትግራይን ከኤርትራ፣ ኦጋዴንን ከሶማሊያ ቀላቀለ፤ ዓሰብንም በኮምቦልቻ በኩል ከደሴ ጋር በመኪና መንገድ አገናኘ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲባረር እንግሊዝ ኤርትራን በጦር አስተዳደር ያዘች፤ የድሮው ወሰንም ተመለሰ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኤርትራ ጉዳይ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ፣ በሶቪየት ኅብረትና በፈረንሳይ እጅ ወደቀ። እንግሊዝ ምዕራባዊውን ቆላ ከሱዳን፣ የቀረውን ከኢትዮጵያ የመቀላቀል ሐሳብ አቀረበች። ፈረንሳይ ጣሊያን በሞግዚትነት እንዲመለስ ወደደች። ሶቪየት ኅብረት በሮም ኮሚኒስቶች ያሸንፋሉ ብላ ተስፋ ባደረገችበት ሰሞን ያንኑ ደገፈች፤ ተስፋው ሲጠፋ ሐሳቧን ለወጠች። አራቱ ሳይስማሙ ጉዳዩ ለተባበሩት መንግሥታት ተላለፈ፤ ኅዳር 1943 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ተወሰነ።

በዚያው ወር ኮሪያ በጦርነት ትነድ ነበር። የዚያ ሕዝብ ዕጣ ከመረብ ዳሩ ሰው ዕጣ ጋር ይመሳሰላል። ነሐሴ 1937 ዓ.ም. ጃፓን ልትወድቅ ስትል ሁለት የአሜሪካ የጦር መኮንኖች ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ሌሊት ካርታ ዘርግተው 38ኛውን የኬክሮስ መስመር መረጡ፤ ከመስመሩ በስተሰሜን ለሶቪየት፣ በስተደቡብ ለአሜሪካ ተባለ። ሶቪየትም ተቀበለች። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በጅቡቲ በኩል ወደ ኮሪያ ተጓዘ፤ በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። በ1945 ዓ.ም. አሜሪካ አሥመራ ላይ የመገናኛ ጦር ሠፈር የያዘችበት ውል ተፈረመ፤ ሠፈሩም ቃኘው ተብሎ ተሰየመ። ኮሪያና ኤርትራ በአንድ የኃያላን ሒሳብ ውስጥ ለመግባታቸው ከዚህ ስም የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጥፋት ግን ለውጭ ሰው ብቻ አይሰጥም። ፌዴሬሽኑን ኅዳር 1955 ዓ.ም. ያፈረሰው የአዲስ አበባ መንግሥት ነው። ከ30 ዓመት ጦርነት በኋላ የኤርትራ ሕዝብ ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በድምፁ ነጻ አገር መሠረተ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ባድመ ላይ ተጋጩና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አለቁ። የዓሰብ መንገድ ተዘጋ፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የቅርቡን ወደብ አጥተው ዕቃቸውን ከጅቡቲ የሚያመላልሱ ሆኑ። ሄግ የተሰየመው የድንበር ኮሚሽን ሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ብይኑን የሰጠው እነዚያኑ የ1892፣ የ1894 እና የ1900 ውሎች መሠረት አድርጎ ነው። የኢሮብ መንደሮች እንደገና ለሁለት ተከፈሉ። መስከረም 2011 ዓ.ም. ድንበሩ ሲከፈት በዛላምበሳ ዘመድ ከዘመድ ተቃቅፎ አለቀሰ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ኬላዎቹ ተመልሰው ተዘጉ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው። መስመሩን ያሰመሩት እርስ በርስ የሚፎካከሩ ባዕዳን ናቸው፤ የገቡት ግን የአገሬው መሳፍንት ባላንጣቸውን ለመጣል በከፈቱት በር ነው፤ ባዕዳኑ ከሄዱ በኋላ መስመሩን በደም የጠበቁት የሁለቱም ወገን ገዥዎች ናቸው። የፈረሰን ድንበር ለመመለስ ወይም የቆመን ለማፍረስ እንደገና ጦር መስበቅ የውጫሌን ስሕተት መድገም ነው። የሚያስፈልገው ኬላው ለዘመድ፣ ለነጋዴና ለከብት ክፍት የሚሆንበት ስምምነት ነው። በደሴም ሆነ በአሥመራ ውጫሌን የሚያስተምር መምህር ከ17ኛው አንቀጽ አስቀድሞ 3ኛውን ለተማሪዎቹ ያንብብላቸው።