ጎበዙን ባለሙያ አለቃ አደረጋችሁት፤ ከዚያስ?

በአንድ የዲዛይን ቢሮ ጎበዝ የተባለው ስትራክቸራል መሐንዲስ ቡድን መሪ ሆነ እንበል። ጀማሪዋ መሐንዲስ የሠራችውን የምሶሶ ስሌት ሲያይ ስህተት ያገኛል። ጠርቶ አያሳያትም፤ አምሽቶ ራሱ ይሠራዋል። ጠዋት ፋይሉን ስትከፍት ከእሷ ቁጥር አንድም የለም። እሱ ግን «ሥራ ወዳድ» ተብሎ ይመሰገናል። ምኑ ነው የተመሰገነው?

እሱን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ የምጠይቀው ሿሚዎቹን ነው። ለምን ሾማችሁት? ሰው መምራት ይችላል ብላችሁ ነው ወይስ ደመወዙን የምትጨምሩበት ሌላ መንገድ አጥታችሁ? በብዙ መሥሪያ ቤት የኃላፊነት አበሉም፣ ነዳጁም፣ የሞባይል ካርዱም የሚመጣው ከወንበር ጋር ነው። በሙያው ብቻ እያደገ ከዳይሬክተር እኩል የሚከፈለው ባለሙያ የት አለ? ከሌለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ሰው ሹመቱን እንዴት እምቢ ይበል?

ከሹመቱ በኋላስ? ቢሾፍቱ ወይም አዳማ፣ ሆቴል ውስጥ የሦስት ቀን ሥልጠና፤ አበል፣ ሰርተፊኬት፣ የጋራ ፎቶ። (ፎቶው ሁልጊዜ የሆቴሉ ደረጃ ላይ ነው።) ሰኞ ቢሮ ሲገባ «የተማርከውን በማን ላይ ሞከርከው?» የሚለው ማን ነው? የበላዩ ሲደውልለት የሚጠይቀው ስለ ሥዕሉ ነው ወይስ ስለሚመራቸው ሰዎች?

«የቴክኒክ ሰው ሰው መምራት አያውቅበትም» የሚሉትን አልቀበልም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2002 የምሕንድስና ሥራ አስኪያጆችን አስቀርቶ ነበር፤ ሠራተኛው የወጪ ማወራረጃና የእርስ በርስ ጠብ ይዞ ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ላሪ ፔጅ ዘንድ እየሄደ ቢያስቸግር ሙከራው ከጥቂት ወራት አላለፈም። ኋላ «ፕሮጀክት ኦክስጅን» በተባለው ጥናቱ የጥሩ አለቃን ስምንት ባሕርያት ሲለይ፣ አንደኛው ሰውን እያሳዩ ማብቃት፣ ስምንተኛው የቴክኒክ ዕውቀት ሆነ። መጨረሻ ላይ ይሁን እንጂ አልተሰረዘም፤ የተፈለገውም አለቃው የበታቾቹን እንዲያማክርበት ነው። ታዲያ የኛ መሐንዲስ ያንን ዕውቀት ጀማሪዋን ሳይጠራ ሌሊት ብቻውን ሲያፈሰው ያየው የበላይ ለምን ዝም አለ?

ከሆቴሉ ሥልጠና ሌላ መንገድ እዚሁ አገራችን ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር በጀመረው የሆስፒታል አስተዳደር ሥራ፣ አማካሪዎች ሆስፒታሎቹ ውስጥ ከአመራሩ ጎን ተቀምጠው አንድ ዓመት ያህል አብረው ሠሩ። በኋላም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች የማስተርስ ትምህርት ከፈተ። ሆስፒታሎቻችን ችግራቸው አለቀ ማለቴ አይደለም፤ ወረፋውን የምናውቀው ነው። ግን ዓመት ሙሉ ከጎን የሚቀመጥ አማካሪና የሦስት ቀን ሆቴል አንድ ናቸው? የውኃው፣ የመንገዱ፣ የመብራቱ መሥሪያ ቤት ይህን ለመቅዳት ምን ከለከለው? በጀት እንዳይባል፣ የሆቴሉ ወጪ ከየት መጣ?

ሌላው ሁሉ ይቅርና የግማሽ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ቅጽ ምን ይላል? ስንት ፕሮጀክት ተጠናቀቀ፣ ከበጀቱ ስንት በመቶው ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ቡድን መሪ ሥር ስንት ጀማሪ ብቻውን መሥራት ቻለ የሚል ረድፍ አለው? የሰው ሀብት ዳይሬክቶሬቱ እስቲ ቅጹን አውጥቶ ያሳየን።