ባሕር ዛፉን ማን ይነቅላል?

ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ብቅ የሚል የአዲስ አበባ ሰው ለገበሬው ምክር አያጣም። «ይህን ባሕር ዛፍ ነቅለው ማካዳሚያ ቢተክሉ፣ ዋልነት ቢተክሉ» ይላል። ምክሩ ክፋት የለበትም። በየሱፐርማርኬቱ የተደረደረው ካሹና ዋልነት አብዛኛው ከውጭ የገባ ስለሆነ ገበያውም አለ። መካሪው ግን መሬቱንም ሕጉንም ሳያይ ይናገራል።

ከአየሩ እንጀምር። ማካዳሚያ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ዛሬ ኬንያ ከዓለም ቀዳሚ አምራቾች ተርታ ተሰልፋለች። እዚያ የሚለማው ግን ቡና በሚስማማው የኬንያ ተራራ ግርጌ ነው። በእኛ አገር ጅማና ሲዳማ ይቀርቡታል። ከ2,500 ሜትር በላይ የሆነችው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ የሚወርድባት ሱሉልታ ለማካዳሚያ አትሆንም። ዋልነት ደግሞ ተቃራኒውን ይሻል፤ ቅጠሉን አራግፎ ለወራት የሚተኛበት የማያቋርጥ ብርድ ይፈልጋል። የሱሉልታ ብርድ ሌሊት ጨክኖ ረፋድ ላይ ይሸሻል። ነገሩ ጨርሶ አይሞከርም ማለቴ አይደለም፤ ደጋዋ ጨንቻ ሚሲዮናውያን ባመጡት አፕል የታወቀችው ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ዝርያዎች ስለተገኙ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሙከራ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ቢያካሂደው ከቡራዩም ሩቅ አይደለም። ሙከራውን በገበሬው ጓሮ፣ በገበሬው ኪሳራ እንዲደረግ መጠበቅ ግን ነውር ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን መሬቱ ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ እስካሁን ያልተነቀለው ገበሬው ሌላ ዛፍ ስለማያውቅ አይደለም። በአራት በአምስት ዓመት ለአጣና ይደርሳል፣ ከብት አይበላውም፣ ሲቆረጥ ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። የልጅ ሠርግ ወይም ሕመም ሲመጣ በዚያው ሳምንት ገንዘብ ይሆናል። የተዳቀለ የማካዳሚያ ችግኝ እንኳ በደንብ ለማፍራት ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ ደግሞ የአሥር ዓመት ዕቅድ የሚያወጣው ገበሬው ሳይሆን ከተማው ነው። እነዚህን ከተሞች ያቀፈው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ብዙ ተቃውሞ ቀስቅሶ በጥር 2008 ተሰረዘ። በ2015 ደግሞ ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ገቡ። የከተማው ስም በተለወጠ ቁጥር የእርሻው ድንበር ምን እንደሚሆን የሚጠይቀው ገበሬ ነው።

በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅና ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ለማያገኝ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳ ያዛል። ካሳው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ይሰላል። ከቀድሞው አዋጅ ይሻላል፣ አልክድም። ይሁንና ስሌቱን ጤፍ በሚዘራና ገና ያላፈራ የማካዳሚያ ችግኝ በሚያሳድግ ገበሬ ላይ አስሉት። ለችግኙ የወጣው ወጪ ቢተካለት እንኳ፣ የሚባዛው የሦስት ዓመቱ የዛፍ ገቢ ባዶ ነው። በዚህ ስሌት ባሕር ዛፍ የሚተክለውን ሰው ኋላ ቀር የሚል ካለ፣ ሒሳብ የማያውቀው እሱ ነው።

ስለዚህ ለሸገር ከተማ አስተዳደር አንድ ጥያቄ አለኝ። የትኛው ቀበሌ የእርሻ መሬት ሆኖ ለ20 ዓመት እንደሚቆይ በካርታ አሳዩ፣ ለገበሬውም በጽሑፍ ስጡት። የችግኙ ወሬ ከዚያ በኋላ ይምጣ።