ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ?

የዛሬው ጨዋታችን አሮጌ «ፎር ዊል» ስለመግዛት ነው። የሰሞኑ ደብዳቤ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ቀን ቆርጦ የመጣ ስለሆነ ሌላውን ለሳምንት አሳድሬ እሱን አስቀድሜያለሁ።

ጸሐፊው የሁለት ልጆች አባት ናቸው። ቪትዛቸውን ሸጠዋል፣ ሁለት ዕቁብ ወጥቶላቸዋል፣ ከዘመድም ተበድረዋል። ይህ ሁሉ ለምን? እናታቸው ደጀን አጠገብ ነው የሚኖሩት። በየሁለት ወሩ ለሕክምና አዲስ አበባ መምጣት አለባቸው፤ የአውቶቡሱን እንግልት ግን አልቻሉትም። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ቤታቸው የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ ቪትዝ የሚያስገባ አይደለም። በቀረው ጊዜ መኪናዋን የሚይዙት ባለቤታቸው ናቸው፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቢሮ፣ ከዚያ መልስ።

«ሁለት ፕራዶ ፊታችን ቆሟል» ይላሉ። «አንዷ በፈረንጅ የ97 ሞዴል፣ ባለ 3.0 ናፍጣ ተርቦ፣ ማንዋል። ሌላዋ የ99፣ ባለ 3.4 ቤንዚን፣ አውቶማቲክ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የባለቤቴ ወንድም ‹ናፍጣ ትቶ ቤንዚን የሚገዛ ሰው ገንዘብ የተረፈው ነው› ይለኛል። ባለቤቴ ‹ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮን የምረግጠው እኔ ነኝ እኮ› ትላለች። ደላላው እንደ ሰዓቱ ይለዋወጣል። ቀብድ እስከ ቅዳሜ ጠይቀውናል። ምን ትመክረናለህ?»

እሺ፣ ቀስ ብለን እንየው።

እርግጥ ዛሬ አሮጌ መኪና መምረጥ እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ክንዱን አበረታ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ያለችው ፕራዶ እጅ በእጅ እየተላለፈች ነው የምትኖረው። ሃያ ምናምን ዓመት የሞላት መኪና ላይ «ናፍጣ ይሻላል፣ ቤንዚን ይሻላል» የሚለው ክርክር ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ «ይህቺኛዋ ምን ደርሶባታል?» የሚለው ነው።

የምትሏት ፕራዶ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2002 የተሠራችው ናት። ቦዲዋ አንድ ይምሰል እንጂ ውስጧ ብዙ ነው። ባለ 2.7 አራት ሲሊንደር ቤንዚን አለ፤ ባለ 3.4 ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን አለ፤ ባለ 3.0 ናፍጣ ተርቦ አለ፤ ከ2000 በኋላ ደግሞ ያው 3.0 ሆኖ ኮመን ሬይል የሚባለው ባለ ኤሌክትሮኒክ ኢንጄክተር ናፍጣ መጣ። ይህ የመጨረሻው ቆሻሻና ውኃ ያለበት ናፍጣ አይወድም፣ ኢንጄክተሩም ውድ ነው። ከመንገድ ዳር ጀሪካን ለሚቀዳ ሰው አልመክረውም። ደግነቱ የእርስዎዋ የ97 ስለሆነች አሮጌው ፖምፓ ያለው ነው።

የባለቤትዎ ወንድም ያለ ምክንያት አልተናገሩም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ተርቦው ግን አየሩን ጠቅጥቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ያካክሳል። ነገር ግን የ3.4ቷ ቤንዚን ስትወለድ 180 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላት። አንድ አምስተኛውን ቢወስዱባት እንኳ 145 አካባቢ ይቀራታል። ናፍጣዋ እንደ ዓይነቷ ከ125 እስከ 145 ነው። ስለዚህ «ቤንዚኗ ዳገት አትወጣም» ያላችሁ ደላላ ዳገት አይቶ አያውቅም። በዝቅተኛ ዙር መጎተትን ካነሳን ግን ናፍጣዋ ትበልጣለች፣ ጭቃና ኮረኮንች ላይ ያስታውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደብዳቤው ግርጌ ላይ እንደ ዋዛ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች። «ናፍጣዋ አንድ ጊዜ ሞቃ የቴስታታ ጋርኒሲዮኗ ተቀይሮላታል፣ ባለቤቱ በግልጽ ነግሮናል፣ ሐቀኛ ሰው ነው።» ሐቀኝነቱን አልጠራጠርም። የዚህ ሞተር የታወቀ ደካማ ጎን ግን ይኸው ነው፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ አንዴ ክፉኛ ከሞቀ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል። ብዙ ቦታ የሚደረገው ጋርኒሲዮኑን ቀይሮ መልሶ ማሰር ነው፤ ቴስታታው ማሽን ሾፕ ሄዶ በግፊት ካልተፈተሸ ግን የተቀየረው ወረቀቱ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ኩላንት ትቶ የቧንቧ ውኃ መሙላት፣ ቴርሞስታቱንም «ታሞቃለች» ብሎ አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። እንዲህ ያለች መኪና ከተማ ውስጥ ወራት ትሄዳለች። ከዓባይ በረሃ ተነስታ ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጣ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በተከታታይ ዳገት፣ ሙቀቱ በሚፋጅበት ሰዓት፣ ኋላ ወንበር የታመሙ እናት ተኝተው... ያኔ ነው ጉዷ የሚወጣው።

ስለዚህ ባለቤቱን አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ፤ «ቴስታታው ተፈትሿል? ደረሰኙስ?» ካለ፣ ናፍጣዋ ወደ ውድድሩ ትመለሳለች። ከሌለ፣ በእኔ ፍርድ ዋጋዋን ቢቀንሱላችሁም ይለፏት።

ወደ ካምቢዮው ልምጣ። «አውቶማቲክ የሴት ነው» የሚሉ ወንዶች ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በሥራ መውጫ ሰዓት ፍሪሲዮን እየረገጡ ይሂዱና ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ እንጠይቃቸዋለን። እህቴ ትክክል ናቸው፤ መኪናዋን በብዛት የሚነዳው ሰው ድምፅ መብለጥ አለበት። በዚያ ላይ የዚህች ፕራዶ አውቶማቲክ ባለ አራት ማርሽ፣ ቀላልና ጠንካራ ነው። ሁለት ነገር ግን ይወቁ። ባትሪ ቢሞትባችሁ ገፍታችሁ አታስነሷትም፤ ስለዚህ የባትሪ ገመድ ከመኪናዋ አይለይ። ሁለተኛ፣ ቁልቁለት ላይ በ«ዲ» ለቀው ፍሬን ብቻ እየረገጡ ከወረዱ ፍሬኑ ይግላል፣ ይከዳል። ደጀን ሲሄዱ ከጎሃ ጽዮን በታች ኦቨርድራይቩን አጥፍተው ወደ «2» ያውርዱት፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል። ማንዋልም ቢሆን ያው በከባድ ማርሽ ነው የሚወረደው።

የነዳጁን ነገር አልሸሽም። የጻፉልኝን ርቀት ደምሬዋለሁ፤ ከተማ ውስጥ በወር 960 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደጀን ደግሞ እናትዎን ማምጣትና መመለሱ ሲከፋፈል በወር አንድ ደርሶ መልስ፣ 460 ገደማ። እንደኔ ግምት የ3.4ቷ አውቶማቲክ ከተማ ውስጥ በሊትር 6፣ በረጅም መንገድ 8 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ናፍጣዋ 9 እና 11። ቤንዚኗ በወር 217 ሊትር፣ ናፍጣዋ 149 ሊትር ትጠጣለች ማለት ነው። ልዩነቱ 68 ሊትር ነው፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይህንን በዛሬው ዋጋ አባዝታችሁ፣ ዛሬ ማታ ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ከደመወዛችሁ ላይ ቀንሱት። ዕዳውም አለ። ካልተቻለ ያቺን ቤንዚንም አትግዟት፤ ባለ 2.7ቷን ፈልጉ። ስንፍና ቢጤ ቢኖራትም አራት ሲሊንደር ናት፣ በቺንጋ ፈንታ ሰንሰለት አላት፣ ችግሯም ጥቂት ነው። የተቻለ እንደሆነ ግን ምርጫዬ የ3.4ቷ ናት፤ ፈተናውን ካለፈች።

ፈተናው ምንድን ነው? ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ሳይታሰብ ይሂዱ። ኮፈኑን በእጅዎ ይዳስሱት፤ ሞቆ ከጠበቀዎት አስቀድመው አስነስተዋታል፣ ሌላ ቀን ይመለሱ። ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውኃውን ይዩ፤ ዘይት ተንሳፎበት ወይም ዝገት ሆኖ ከተገኘ መልሱን አገኙ። ትነሳና ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ይመልከቱ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። ከዚያ ፍሬን ይዘው ከ«ፒ» ወደ «ዲ» ያስገቧት። ወዲያው መያዝ አለባት፤ አስባ አስባ ከያዘች ወይም እንደ በቅሎ ከረገጠች ካምቢዮው ደክሟል። ከሞቀች በኋላ ሞተሩ እየሠራ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ ይምዘዙት። ቀይ ከሆነ ደግ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ መጥፎ ነው። እንጆሪ በወተት የመሰለ ሮዝ ከሆነ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ውኃና የካምቢዮ ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነውና፣ ሻጩን አመስግነው ይውጡ። ዳሽ ቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የምትለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለች ኮምፒዩተሩ ራሱ በሽታውን እየተናገረ ነው።

ናፍጣዋ ደረሰኝ ይዛ ከቀረበች እሷንም እንዲሁ በጠዋት። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱት፤ እንደ ጀበና በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻው አልቋል። ፍሪሲዮኑን ለማየት የእጅ ፍሬን ይዘው በአራተኛ ማርሽ ለመነሳት ይሞክሩ፤ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ ዝም ብሎ ከጮኸ ፍሪሲዮን ይቀየራል፣ ከዋጋው ይቀነስ።

ሳልረሳው፤ በሁለቱም ላይ የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ። የብዙ አሮጌ ፕራዶ ሞተር ተቀይሯል፤ መቀየሩ ነውር አይደለም፣ ሊብሬው ላይ አለመመዝገቡ ግን ስም ማዛወሪያው ላይ ያስቆማችኋል።

ሌላው፣ ሁለቱም ሞተሮች ታይሚንግ ቺንጋ አላቸው። የናፍጣዋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ነው የሚቀየረው፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተር ይወርዳል። የ3.4ቷ ቢበጠስ ሞተሩ አይሰበርም፣ ግን መንገድ ላይ ትቆማለች። የተቀየረበትን ቀን በወረቀት ካላሳዩዎት አልተቀየረም ብለው ይያዙት፤ የቺንጋውን፣ የውኃ ፖምፓውንና የዘይቱን ገንዘብ ከዕቁቡ አስቀድመው ለይተው ያስቀምጡ።

የቅዳሜው ቀብድ ደግሞ የደላላው ጭንቀት ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም። መካኒክዎን ይዘው ዓርብ ጠዋት ይሂዱ፣ ያያችሁትን ጻፉልኝ። እናትዎን እግዜር ይማርልዎት።