እጢ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት

«ጭንቅላቱ ውስጥ እጢ ተገኘበት» የሚል ወሬ አንድ ቤት ከገባ ቤተሰቡ ሐኪሙን ትቶ ከጎረቤት ጋር መመካከር ይጀምራል። በእኛ አየር ጤናም ሆነ በሌላው ሰፈር ልማዱ አንድ ነው። በሽተኛው ኤችአይቪ በደሙ ካለበትማ «በቃ፣ ቤቱ ይረፍ» ይባላል። እኔ የምለው፦ በዚህ ሰው ላይ እንዲህ ቸኩሎ መፍረድ ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው።

የሲዲ ፎር (የሰውነት መከላከያ ሕዋስ) ቁጥሩ ከ100 በታች በወረደ የኤችአይቪ ታማሚ አንጎል ላይ ሲቲ ስካን የሚያሳየው እብጠት ብዙ ጊዜ ካንሰር ሳይሆን ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ ያመጣው ነው። ተውሳኩ በጥሬ ሥጋና በድመት ዓይነ ምድር ይተላለፋል፤ ቁርጥ ወዳዶች ነንና ብዙዎቻችን ሳናውቀው ተሸክመነው እንኖራለን። የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይቀሰቀሳል። ርካሹ ኮትሪሞክሳዞል ያክመዋል፤ ለውጡም አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይታያል። ሳይሻለው ሲቀር ነው ሐኪም የአንጎል ሊምፎማ የሚባለውን ካንሰር አጥብቆ የሚጠረጥረው።

ሊምፎማው ከባድ ነው። መነሻው ኤፕስታይን ባር የሚባል፣ አብዛኛው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሸከመው ቫይረስ ነው፤ ዕድል የሚያገኘው በተለይ ሲዲ ፎር ከ50 በታች ሲወርድ ነው። በእርግጠኝነት ለመለየት ብዙ ጊዜ ከአንጎል ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል፤ ሕክምናው ኬሞቴራፒና ጨረር ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ሆስፒታል በአገራችን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ዋናው መከላከያ ያው የዕለቱ ክኒን ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በተስፋፋባቸው አገሮች ይህ ካንሰር በእጅጉ ቀንሷል። በእኛም አገር መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ ለአየር ጤና ሰው አለርት ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ጸበል የሚጠመቅም ክኒኑን አያቋርጥ፤ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር።

አንድ ቅሬታ አለኝ። የቫይረስ መጠን ምርመራ ከመጣ ወዲህ ሲዲ ፎር እንደ አሮጌ ነገር እየተቆጠረ ነው። መድኃኒት አቋርጦ የተመለሰ ወይም ዘግይቶ የተመረመረ ሰው ግን አደጋው ምን ያህል እንደቀረበው የሚታወቀው በሲዲ ፎር ነው። ራስ ምታቱ የከረመበት፣ ግማሽ አካሉ የዛለ፣ የሚጥል ሕመም የጀመረው ወገን ካላችሁ «ምች ነው» ብላችሁ አትተዉት። ሐኪሙን «ሲዲ ፎሩ ስንት ነው? የቶክሶ ሕክምናስ ተሞክሯል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ሳትሰሙም በሽተኛውን ወደ ቤት አትመልሱ።