የልጆች ዘፈንና የጫሞ ዳር

ተማሪ ልጆቻችን፥ በገዛ ገንዘቡ የሚዘፍነውን ወዳጃቸውን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ለማንሣት ወደ ጫሞ ሐይቅ እንሂድ ቢሉን አንከልክላቸው፤ አሳባቸው መልካም ነውና። ነገር ግን ወጪው ስንት ነው ከማለታችን በፊት፥ ዘፋኙ የሚቆመው ከወዴት ነው ብለን እንጠይቅ። «የአዞ ገበያ» የሚባለው የሐይቁ ዳር ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ አዞ ጸጥ ባለ ውሃ ተሸሽጎ ወደ ዳር የቀረበውን በድንገት ይነጥቃል። ያማረ ሥዕል በአርባ ምንጭ ከሴቻ ከፍታ ላይም ይገኛል፤ ከዚያ ቀላ ያለው አባያና ጫሞ፥ በመካከላቸውም የእግዚአብሔር ድልድይ የተባለው ኮረብታ በአንድነት ይታያሉ። እንግዲህ እያንዳንዱ የሚቆምበትን ስፍራ አስቀድመው በወረቀት ጽፈው ያሳዩን። ሥዕል ቢበላሽ ዳግመኛ ይነሣል፤ ልጅ ግን አይተካም።