ፈገግታውን ተዉትና ደሞዙን ጠይቁ

አሜሪካ ደርሶ የመጣ ሰው ሻንጣውን ሳይፈታ የሚነግራችሁ ነገር አለ። «ሲያዩህ ጥርሳቸው ነው የሚቀድመው፤ ግን ሁሉም ከአንገት በላይ ነው» ይላችኋል። ለሦስት ቀን ስብሰባ የሄደውም፣ ሁለት ወር ልጁ ጋ የከረመውም ፍርዳቸው አንድ ነው። አውሮፓዊው ጎብኚም ከዚህ የተለየ ሲጽፍ ብዙ አላየሁም። እኔ ይህ ፍርድ ሰልችቶኛል። ስንፍና ነው፤ ከስንፍናም አልፎ ግፍ አለበት።

እስቲ ከራሳችን እንጀምር። «እንዴት አደርክ? ደህና ነህ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?» እንባባላለን። ጥያቄውና መልሱ እኩል ነው የሚወጣው፤ ማን ቆሞ ይሰማል? በሽተኛ ሲያስታምም ያደረ ሰው እንኳ መጀመሪያ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነው ወደ ጭንቀቱ የሚገባው። ይህንን ማንም ውሸት አይለውም። «አይቼሃለሁ» ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የአሜሪካኖቹ «ሃው አር ዩ»ም ይኸው ነው። እንደ ጥያቄ ቆጥረኸው መልስ ስትፈልግ ሰውየው ካለፈህ፣ ቋንቋውን ነው ያላወቅኸው እንጂ ልቡን አልመረመርክም።

አሁን ምግብ ቤት እንግባ፤ ተጓዡ «የውሸት ፈገግታ» የሚለውን በብዛት የሚያየው እዚያ ነውና። በፌዴራል ሕግ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ ቀጣሪው ከራሱ ኪስ እንዲከፍል የሚገደደው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። ከቲፑ ጋር ተደምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ካልሞላ ቀጣሪው እንዲሞላ ሕጉ ያዛል፤ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶችም ሙሉውን ያስከፍላሉ። በብዙ ቦታ ግን የአስተናጋጇ የቤት ኪራይ የሚወጣው ከእንግዳው ኪስ ነው። ስለዚህ ፈገግታዋ ሥራ ነው፤ ልክ ሳህን እንደማመላለሷ። የግንበኛ ላብ የውሸት ነው ይባላል እንዴ? ደግሞ የሚያናድደኝ፣ ያው ተቺ ሒሳብ ሲመጣ «በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ መነሣቱ ነው። በላ፣ ተሳቀለት፣ ቲፕ ሳይተው ወጣ፣ ከዚያ ስለ እሷ ቅንነት ጻፈ!

ይህ ልማድ የዛሬ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ፍራንሲስ ትሮሎፕ ሲንሲናቲ ውስጥ የከፈተችው ንግድ ከሰረና አገሯ ገባች፤ በ1832 ባሳተመችው መጽሐፍ አሜሪካኖቹን በአበላላቸውና በአነጋገራቸው ሳይቀር አብጠለጠለቻቸው። መጽሐፉም ተቸበቸበ። ቻርልስ ዲከንስ በ1842 ሄዶ ዋሽንግተን ውስጥ የሚተፋው የትምባሆ ምራቅ ዘግንኖታል። ነገር ግን እዚያ አልቆመም። ፊላደልፊያ እስር ቤት ገብቶ ለብቻቸው የተዘጋባቸውን ሰዎች አየ፤ ስለ ባርነት በጻፈው ምዕራፍም ለጠፉ ባሮች የወጡ የጋዜጣ ማስታወቂያዎችን ደረደረ። ምራቁን ማንም መንገደኛ ያየዋል። እስር ቤቱን ለማየት ግን በሩን ማንኳኳት ያስፈልጋል።

የምታዩት ነገር የሚወሰነውም በማንነታችሁ ጭምር ነው። በ1961 የቻድ አምባሳደር አዳም ማሊክ ሶው ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን ሲጓዝ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሩት 40 ዳር ያለ ምግብ ቤት ጥቁር በመሆኑ አላስተናግድም አለው። በዚያው መንገድ በዚያው ዓመት ያለፈ ነጭ አውሮፓዊ «ምን ዓይነት እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነው!» ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም። የተቀመጠበትን ወንበር ግን ሳይነግረን ቀርቷል። ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው በገዛ አገራቸው ሲጓዙ የት ማደርና የት መብላት እንደሚችሉ የሚነግራቸው «ግሪን ቡክ» የሚባል መጽሐፍ ነበራቸው፤ መታተም የጀመረው በ1936 ነው። ታዲያ «አሜሪካኖች እንዲህ ናቸው» የምትሉን የትኞቹን ነው?

እኔ በርቀት አውቶብስ ረጅም መንገድ ሄጃለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስለ ቀዶ ሕክምናቸውና ስለ ዕዳቸው አጫወቱኝ፣ ብስኩታቸውን አካፈሉኝ፣ ስልኬን ሳይጠይቁ ወረዱ። «ቶሎ ቀርበው ቶሎ ይረሳሉ» የሚባለው ይህ ከሆነ፣ አዎ፣ እውነት አለው። ጎረቤት ሳይደውል በር አያንኳኳም፤ ቡና ጠርቶ የሚሰበስብ የለም፤ ብቸኝነቱም ከባድ ነው። ይህንን አልክድም። ግን ብስኩቱ የውሸት አልነበረም። ዕዳውም።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ቅርብ ነው። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ መኪና የሚያቆሙልህ፣ በታክሲ የሚያደርሱህ፣ ምግብ የሚያቀርቡልህ ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው። ሁለት ሥራ ስትሠራ ውላ ማታ ለማታውቀው እንግዳ የምትስቀው እህትህ ልትሆን ትችላለች። ወር ሲሞላ ለእናትህ የምትልከው ብር ከዚያ ፈገግታ ነው የተቆጠበው። እሱንም ከአንገት በላይ ነው ትለዋለህ?

ስለዚህ ለመሄድ ቪዛ የያዛችሁ ሁሉ፣ ስትመለሱ ስለ ጥርሳቸው አትንገሩን። ያስተናገደቻችሁ ልጅ በሰዓት ስንት እንደሚከፈላት፣ ስትታመም ማን እንደሚያሳክማት፣ ሥራ ጨርሳ በምን ወደ ቤቷ እንደምትገባ ጠይቃችሁ ኑ። ቲፑንም ክፈሉ።