የሲስተሯ ዲግሪ ወጪ ነው ወይስ ካፒታል?

ወደ ሕክምናው ዘርፍ የገባ ባለሀብት ብዙ ነገር ያሰላል። የቦታውን ሊዝ፣ የሕንፃውን ብረትና ሲሚንቶ፣ የራጅና የአልትራሳውንድ መሣሪያውን፣ የባንኩን ወለድ አንድ በአንድ ይጽፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ ሁሉ በብር ሲቆጠር ዋጋው በመናሩ ሂሳቡ ይበልጥ ጠብቋል። በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ግን አንዲት መስመር አትገኝም። እሷም መሣሪያውን ይዛ ሌት ተቀን ከበሽተኛው አጠገብ የምትቆመው ሲስተር ትምህርት ናት።

በሌቭል 4 ሠልጥና፣ የሲኦሲ ፈተና አልፋ በግል ሆስፒታል የተቀጠረች ነርስ ጥቂት ዓመት እንደሠራች ዲግሪዋን ማሰብ ትጀምራለች። ወንዶቹ ነርሶችም እንዲሁ። የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ትመዘገባለች፤ ክፍያውን ከዕቁብ ታወጣለች፤ ክፍል የምትገባበት ሰዓት እንዳይነካባት ከባልደረቦቿ ጋር ተረኝነት ትቀያየራለች። አዳር ሠርታ ጧት ፈተና ላይ የምትቀመጥበት ቀን ጥቂት አይደለም። በመጨረሻ ዲግሪዋን ይዛ ስትመጣ በብዙ ቦታ የሚጠብቃት መልስ አንድ ነው፤ “እንኳን ደስ ያለሽ፣ የተቀጠርሽው ግን በዲፕሎማ ነው።” ደመወዙም የሥራ መደቡም ባለበት ይቀጥላል።

ባለቤቶቹም የሚያቀርቡት ምክንያት አላቸው። “ባስተምራት ትሄድብኛለች” ይላሉ። ሥጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። በሠላሳ ቀን ውስጥ ሊወጣ በሚችል ሀብት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ለነጋዴ አይዋጥለትም።

ይሁንና ስሌቱ አንድ ነገር ይዘነጋል። ባለቤቱ ከፈለም አልከፈለም ሲስተሯ መማሯን አትተውም። ልዩነቱ በማን ገንዘብ ትማራለች የሚለው ብቻ ነው። ሰው በራሱ ገንዘብ የገዛውን ዕቃ ለፈለገው እንደሚሸጥ ነጋዴ አይጠፋውም። ዲግሪዋን ከዕቁቧ የከፈለች ነርስ ለሆስፒታሉ የምትመልሰው ዕዳ የለባትም፤ የተሻለ ዋጋ የሰጣት ዘንድ ትሄዳለች። ስለዚህ ባለቤቱ ለትምህርቷ ባለመክፈሉ ያዳናት ገንዘብ መልሶ የምታስወጣው እሱኑ ነው። እንበልና 40 ነርሶች ያሉት ሆስፒታል በዓመት 10 ቢለቁበት፣ አሥር ጊዜ ማስታወቂያ ያወጣል፤ አዲሶቹ ሥራውን እስኪለምዱ ለነባሮቹ የትርፍ ሰዓት ይከፍላል፤ ሰው ሲጎድል የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይሸጋሽጋል። ይህ ሁሉ ወጪ “ትምህርት” በሚል ርዕስ ስለማይመዘገብ ብቻ የሌለ ይመስላል።

የነርስ ትምህርት ለሆስፒታሉ ምን ያመጣል ለሚለው የተጠና መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በዚያው ክፍለ ሀገር 168 ሆስፒታሎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 ከመቶ ከፍ ባለ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕሙማን የመሞት ዕድል በ5 ከመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣውና ዘጠኝ የአውሮፓ አገሮችን የሸፈነው ጥናት ደግሞ ልዩነቱን 7 ከመቶ አድርሶታል። ጥናቶቹ ዝምድናውን እንጂ ዲግሪው ብቻውን ነፍስ ማዳኑን አያረጋግጡም፤ የሆስፒታሎቹ አሠራርም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ቢሆንም ነገሩ ለሕክምና ሰው እንግዳ አይደለም። ሐኪሙ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ዞሮ ይሄዳል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የበሽተኛው ትንፋሽ መፍጠኑን፣ ሽንቱ ማነሱን፣ ደም ግፊቱ መውረድ መጀመሩን አይታ ሦስቱን አገናኝታ ሐኪም የምትቀሰቅሰው ነርሷ ናት። የጽኑ ሕሙማን ክፍል መቆጣጠሪያ መሣሪያ ስንት ሚሊዮን ብር ቢያወጣ ቁጥሩን ያሳያል እንጂ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አይናገርም።

ከውጭ ያለውንም ገበያ ማየት ይጠቅማል፤ ተፎካካሪው እዚያ ነውና። በዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የነርስነትን መሰላል በደንብ ያውቁታል። ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከረዳት ነርስነት ነው፤ የአገሪቱ ሕግ ለዚህ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ተምሮ ሁለተኛው ደረጃ፣ ቀጥሎም በሁለት ወይም በአራት ዓመት ትምህርትና በብሔራዊ ፈተና የተመዘገበ ነርስነት ይመጣል። በአሜሪካ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የረዳት ነርስ መካከለኛ የዓመት ገቢ 39 ሺህ 500 ዶላር ገደማ፣ የሁለተኛው ደረጃ 62 ሺህ፣ የተመዘገበ ነርስ ደግሞ 93 ሺህ 600 ዶላር ነበር። የኒውዮርክ ክፍለ ሀገርም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሕግ አዲስ የሚመዘገቡ ነርሶች በ10 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲይዙ ግዴታ አድርጓል።

በዶላሩ መጠን ከአሜሪካ ጋር መወዳደር ለአዲስ አበባ ሆስፒታል አይታሰብም። ሊቀዳ የሚችለው ግን ሌላ ነው። እዚያ እያንዳንዱ እርከን አስቀድሞ የሚታወቅ የራሱ ዋጋ አለው። የተማረ ሰው ከሰኞ ጀምሮ ምን እንደሚከፈለው ያውቃል። እዚህ የጠፋው ይኸው ነው።

በአገር ውስጥም ቢሆን ገበያው ቆሞ አይጠብቅም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው ይታወሳል። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የዲግሪ ተመራቂ ሲቪል ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6 ሺህ 940 ወደ 11 ሺህ 500 ብር ከፍ ብሏል። ለኑሮው ይበቃል አይበቃም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ መንግሥት ለዲግሪው መነሻ ዋጋ ቆርጧል። ዲግሪ የያዘችን ነርስ በዲፕሎማ ደመወዝ ለማቆየት የሚሞክር የግል ሆስፒታል ላም ካልዋለበት ኩበት ለቀማ እንደ ወጣ ሰው ነው።

እርግጥ ነው፣ ዲግሪ ሁሉ አንድ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ በተሰጠው የመውጫ ፈተና ከግል ተቋማት ከቀረቡት ተፈታኞች ያለፉት 17 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ የሁሉንም የትምህርት ዘርፎች እንጂ የነርስነትን ብቻ አያመለክትም፤ ቢሆንም ለዓመታት ከዕቁብ የተከፈለ ገንዘብ የት ሊቀር እንደሚችል ያሳያል። ገንዘባቸውን በኮሌጆች ላይ ያዋሉ ባለሀብቶችም ሊያስቡበት ይገባል። ተማሪው ፈተና ላይ በወደቀ ቁጥር የሚወድቀው የኮሌጁ ስም ነው። ሆስፒታሉ የትምህርቱ ከፋይ ቢሆን ኖሮ ኮሌጁን የሚመርጠው እንደ ሸቀጥ ገዢ መርምሮ ነበር፤ ብቻዋን የምትከፍለው ሲስተር ግን ከቤቷ የሚቀርበውንና ክፍያው የሚቀለውን ትመርጣለች።

መፍትሔው ከነጋዴ አእምሮ የራቀ አይደለም። አራት ነጥብ ያለው ግልጽ ውል ይበቃል። አንደኛ፣ ሆስፒታሉ የትምህርት ክፍያውን ግማሽ ይሸፍን፤ ኮሌጁም ዕውቅናውና የመውጫ ፈተና ውጤቱ ታይቶ በጋራ ይመረጥ። ሁለተኛ፣ የክፍል ሰዓቷ በተረኝነት መርሐ ግብሩ ላይ ይጻፍ፤ በማትሮኗ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ አይንጠልጠል። ሦስተኛ፣ ፈተናውን አልፋ የሙያ ፈቃዷን ስታሻሽል የምታገኘው ደመወዝና መደብ ትምህርቱ ሳይጀመር በቁጥር ይቀመጥ። አራተኛ፣ ከተመረቀች በኋላ የምታገለግልበት ጊዜ ይወሰን፤ ቀድማ ከለቀቀች ሆስፒታሉ ካወጣው ውስጥ ያልተሠራበትን ብቻ ትመልስ፤ ዕዳውም በየወሩ እየቀነሰ ይሂድ።

አራተኛው ነጥብ ባለቤቱን ከሥጋቱ ያሳርፈዋል። በዚህ ምትክ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ በመሳቢያ ቆልፎ መያዝ ወይም የሥራ ልምድ ወረቀት መከልከል አንዳንድ ቦታ የሚታይ ዘዴ ነው። ይህ ሰውን አያቆይም። ልቧ የሄደ ነርስ ለሦስት ወር በግድ ብትቆይ የሚጎዳው ሌሊት ላይ ደወል ተጭኖ የሚጠብቀው በሽተኛ ነው።

የነርስነት ትምህርት ቤቶች በአገራችን ከተከፈቱ ሰባ ዓመት አልፏል። ሙያው ከበሬታ አላጣም፤ ያጣው በየእርከኑ የተቆረጠ ዋጋ ነው። በሆስፒታል አክሲዮን የያዙ ነጋዴዎች የሐምሌው በጀት ሲቀርብላቸው አንድ ጥያቄ ቢያነሡ አይከፋም። ለመሣሪያ ጥገና ስንት ተይዟል ብለው እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ ለነርሶች ትምህርትስ ስንት ተይዟል ይበሉ። መልሱ “ምንም” ከሆነ፣ ያ ሆስፒታል ነርሶቹን ለሌሎች እያዘጋጀ መሆኑን ባለአክሲዮኖቹ ከወዲሁ ይወቁት።